የጤና አዳም ሰፈሮች፦ ከመካኒሳ ወንዝ ዳር እስከ ጀሞ በረንዳ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጤና አዳም የማይገኝበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። በብሥራተ ገብርኤልና በቫቲካን በኩል ባሉት ቆየት ያሉ ግቢዎች ከጽጌረዳው አጠገብ፣ በሳሪስ ደጃፎች ላይ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ከልብስ ማስጫው ሥር በረንዳ ላይ ታዩታላችሁ። ቡና ሲፈላ ከልጅ ልጆች አንዱ "ሂድና ትንሽ ቁረጥ" ተብሎ ይላካል። ሆድ ሲቆርጥ፣ ጉንፋን ሲይዝ፣ አራስ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ በመጀመሪያ የሚታሰበውም እሱ ነው።

እኔ በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በእናቶችና ሕፃናት ክፍል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ጎረቤቶቼ "ሲስተር" እያሉ ማንኳኳታቸውን አልተዉም። ጥያቄያቸው ግን ከክኒንና ከመርፌ ይልቅ ስለ ቅጠል እየሆነ መጥቷል። "ለልጁ ጠብ ላድርግለት ወይ?" "ነፍሰ ጡር ናት፣ ቡናዋ ውስጥ ብነክርላት ምን ይላል?" እያሉ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ሰሞኑን ጥቂት ጠዋቶች ወስጄ፣ ቅጠሉ ከየት እንደሚመጣ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍና ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚደረግበት ለማየት ከመካኒሳ ተነስቼ በላፍቶ በኩል ሃይሌ ጋርመንት፣ ከዚያም ጀሞ ድረስ ሄድኩ።

መካኒሳ ላይ ትንሹ አቃቂ አለ። ወንዙ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ወርዶ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚሄድ ነው። ከላይ ከቆዳ ፋብሪካው፣ ከጋራዡና ከመኖሪያ ቤቱ የተለቀቀውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ሽታው ከሩቅ ይቀበላችኋል፤ ዳርና ዳሩ ግን ዓይን የሚስብ አረንጓዴ ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በመደብ በመደብ ተዘርቶ በዚሁ ውሃ ይጠጣል። ጤና አዳም ውሃ የሚተኛበትን መሬት ስለማይወድ እዚህ ብዙ አይተከልም፤ በመደቦቹ ጠርዝ ላይ ጥቂት ቁጥቋጦ አይቻለሁ። በዚህ ወንዝ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም የሚባሉትን ከባድ ብረቶች በቅጠሎቹ ውስጥ አግኝተዋል። ማጠብ አፈሩንና ጀርሙን ያስወግዳል፤ ተክሉ በሥሩ የሳበውን ብረት ግን አያወጣም። ለአንድ ስኒ ቡና የምትነከር ትንሽ ቅርንጫፍ ብዙ ጉዳት ታመጣለች ብዬ ለማስፈራራት አይደለም። ነገር ግን ቅጠሉን በየቀኑ የሚጠቀም ቤተሰብ የበቀለበትን ቦታ ቢጠይቅ፣ ካልሆነም ከራሱ ደጅ ቢቆርጥ ይሻለዋል።

ከላፍቶ በሚኒባስ ሃይሌ ጋርመንት ወረድኩ። ድሮ ለአትክልት ፒያሳ እንሄድ የነበርን ሰዎች ዛሬ ገበያው እኛ ሰፈር መጥቶልናል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ ጃንሜዳ ገባ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ጃንሜዳ ለበዓሉ መለቀቅ ስለነበረበት ወደዚህ ተዛወረ። የሽንኩርትና የቲማቲም ጭነት ከሚራገፍበት ወጣ ብሎ ጉሊቱ ይጀምራል። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ ዳማከሴ፣ ጠጅ ሳርና አሪቲ በእስር በእስር ተደርድረዋል። ዓይን ጨፍኖም ቢሆን ሁሉንም በሽታው መለየት ይቻላል።

አንዲት ወጣት ሻጭ ጠጋ አልኳት። "የቱን ልስጥዎት እናቴ? ለቡና ነው ለመድኃኒት?" አለችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩት፤ ነገሩን ሁሉ በአንድ ቃል የከፈለችው ነው። "ልዩነቱ ምንድን ነው?" ብላት "ለቡና ከሆነ ለጋውን፣ ለመድኃኒት ከሆነ ፍሬ የያዘውን ነው የሚወስዱት" አለች። ፍሬ የያዘውን አነሳሁት። ባለ አራት ጫፍ ትንንሽ አረንጓዴ ፍሬ አለው። ይህ ፍሬ ደርቆ በርበሬ ውስጥም ይገባል፤ ከቅጠሉ ይልቅ የሚኮሰኩስ ጣዕም አለው። አበባው ቢጫ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት የቅጠሎቹ ዳር እንደ ዐይን ሽፋሽፍት ጸጉር ጸጉር ያለ ነው። በሳይንሱ ስም ሩታ ካሌፔንሲስ የሚባለው የእኛው ዝርያ፣ አውሮፓውያን በአትክልት ቦታቸው በብዛት ከሚያበቅሉት ሩታ ግራቪኦለንስ የሚለይበት አንዱ ምልክት ይህ ነው። የሆላንዱ ተመራማሪ ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ኢትዮጵያ ቅመማ ቅመምና የመድኃኒት ዕፅዋት ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ጤና አዳም ከነአገልግሎቱ ሰፍሯል።

ዓይኔ ግን ከቅጠሉ ይልቅ የልጅቷ እጆች ላይ ቀረ። ከአውራ ጣቷ ጀምሮ እስከ አንጓዋ ድረስ ቡናማ ነጠብጣብና ጭረት አለ፤ አንዱ ጭረት ቀጥ ብሎ የወረደ ነው፣ ጭማቂ የፈሰሰበት ይመስላል። "ምን ነክቶሽ ነው ልጄ?" አልኳት። "ማድያት ነው መሰለኝ፤ ፀሐዩ ነው" ብላ ሳቀች። ገበያ መሀል ቆሞ ምርመራ አይደረግም። ቢሆንም ጠዋት ቅጠል ቆርጦ፣ በእጅ ጠምዝዞ አስሮ፣ ሳይታጠቡ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ መቀመጥ እንዲህ ዓይነት ምልክት እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ከውሃ ጀሪካኗ እጇን በሳሙና እንድትታጠብ፣ ስትቆርጥም ጓንት ወይም ፌስታል እጇ ላይ እንድታደርግ ነግሬያት ለቡና የሚሆነውን ገዝቼ ሄድኩ።

አያቶች እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ትልቁ ነገር ይህ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። በጤና አዳም ጭማቂ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ጨለማ ውስጥ ቆዳ ላይ ቢሆኑ ብዙም አይታወቁም። የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው ግን ይቀሰቀሱና የቆዳውን ሕዋስ ይጎዳሉ። ወዲያው አያቃጥሉም፤ ተንኮላቸው እዚህ ላይ ነው። መቅላቱና ውሃ መቋጠሩ የሚመጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ እናት ከቅጠሉ ጋር አታያይዘውም፤ "ትኩስ ነገር ነክቶት ይሆናል" ትላለች። ቁስሉ ሲድን የሚተወው ቡናማ ምልክት ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ይህ አለርጂ አይደለም፤ በቂ ጭማቂና በቂ ፀሐይ ካገኘ ማንኛውም ቆዳ ሊቃጠል ይችላል። የሎሚ ጭማቂም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። በሌሎች አገሮች በልጆች ገላ ላይ የጣት ቅርጽ ይዞ የታየ እንዲህ ያለ ምልክት የድብደባ ተደርጎ ወላጅ የተጠረጠረበት ጊዜ አለ፤ ጭማቂ በነካው እጅ ልጁን ያነሳው ሰው ጣት ነበር። የሕክምናው ዓለም ይህንኑ ጠባይ ለበጎ ተጠቅሞበታል። በጤና አዳም ውስጥም የሚገኘው ሜቶክስሳለን የተባለው ንጥረ ነገር ለለምጽና ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ በሽታ ይታዘዛል፤ በሽተኛው መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ በደቂቃ በተለካ ጨረር ሥር ይቆማል። በሆስፒታል በጥንቃቄ የሚለካውን ነገር እኛ በረንዳ ላይ በግምት እናደርገዋለን ማለት ነው።

ጀሞ የደረስኩት ፀሐይ ገና ለስለስ ባለችበት ሰዓት ነው። በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ግንብ ተደግፈው ሕፃን የሚያሞቁ አያቶች በየብሎኩ አሉ። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ፀሐይ በሞላበት አገር ልጆቻችን ተሸፋፍነው ቤት ውስጥ ስለሚውሉ አጥንታቸው የሚለሰልስበት ሪኬትስ የተባለው በሽታ ብዙ አስቸግሮናል፤ በየጤና ጣቢያው "ልጁን የጠዋት ፀሐይ አሙቁት" እያልን የከረምነው ለዚህ ነው። ከአያቶቹ አንዷ የሦስት ሳምንት የልጅ ልጃቸውን ራቁቱን እግራቸው ላይ አጋድመዋል። ሰላምታ ተለዋውጠን ጠጋ ስል አናቱና አንገቱ ያብረቀርቃል፤ ቅቤ ነው። ቅቤው ግን ሽታው ሌላ ነው፤ ጤና አዳም ተወቅጦ ገብቶበታል።

"ለምንድን ነው እማማ?" አልኳቸው።

"ለብርዱም ለዓይኑም ነዋ! ይኸን ኮንዶሚኒየም እያየሽ? መንገደኛው ሁሉ 'ውይ ሲያምር' እያለ ነው የሚያልፈው። እኔ ስድስት ልጅ ያሳደግሁት በዚህ ነው፤ አንዳቸውም አልተቃጠሉም።"

እውነታቸውን ነው፤ የእሳቸው ልጆች ያልተቃጠሉበት ምክንያትም እንደ እኔ ግምት ግልጽ ነው። በእሳቸው ጊዜ አራስ ልጅ ክርስትና እስኪነሳ፣ ወንዱ 40 ሴቷ 80 ቀን፣ ከቤት አይወጣም ነበር። ጤና አዳሙ ይቀባል፣ ጨለማው ደግሞ ይጠብቀዋል። ፀሐይ ማሞቁ ከጤና ጣቢያ የመጣ ምክር ነው፤ ቅጠሉ ከአያት የመጣ ልማድ ነው። ሁለቱም ለልጁ ፍቅር የተደረጉ ናቸው፤ አንድ ገላ ላይ ሲገናኙ ግን ጠላት ይሆናሉ። ለእማማም ይህንኑ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና "ታዲያ የቱን ልተው?" አሉ። "ቅባቱን ይተዉ፣ ፀሐዩን ይያዙ" አልኳቸው። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን ከፀሐይ በፊት አያስፈልግም። ለዓይኑ ከሆነ ደግሞ ቅጠሉን በራፍ ላይ ማንጠልጠል ይቻላል። ልጁ ቆብ ላይ በመርፌ ቁልፍ ማያያዙን፣ ትራሱ ሥር ማድረጉን ግን አልወደውም፤ ቅጠሉ ቆዳውን ይነካል፣ መርፌውም ይወጋዋል፣ እጁ መጨበጥ ሲጀምር ደግሞ አፉ ውስጥ ይከታል። ልጁን ወዲያው በሳሙናና በውሃ አጥበን ጥላ ውስጥ አስገባነው። እማማ ውሃውን እያፈሰሱ "ስድስቱም አልተቃጠሉም" ማለታቸውን ግን አልተዉም ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ብዙ እናቶች ልጁን በመስታወት ውስጥ ያሞቁታል። ለቫይታሚን ዲ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል፤ የጤና አዳምን ጭማቂ የሚቀሰቅሰውን ጨረር ግን ያሳልፈዋል። ስለዚህ በመስታወት ውስጥ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳቱ ብቻ ይገባል።

ድንገት ጭማቂው ነክቶት ፀሐይ ላይ የዋለ ልጅ ቢኖር ወዲያው በሳሙና አጥባችሁ ለሁለት ሦስት ቀን ቦታውን ከፀሐይ ሸፍኑት። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያስታግሳል። ውሃ ከቋጠረ አታፍርጡት፤ ጨቅላ ከሆነ ወይም ቦታው ሰፊ ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ወደ አፍ እንምጣ። ብዙ ቤት ውስጥ ለቁርጠት ተብሎ ቅጠሉ ተጨምቆ በእናት ጡት ወተት ወይም በውሃ ለአራስ ልጅ ጠብ ይደረግለታል። ለጨቅላ የተለካ የጤና አዳም መጠን የለም። ከአንዱ ግቢ የተቆረጠው ከሌላው ይበረታል፤ ፍሬ የያዘው ከለጋው ይለያል፤ የሦስት ኪሎ ልጅ ጉበትና ኩላሊት ደግሞ ገና ሥራ እየተማሩ ነው። ልጅ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። "ግን እኮ ተሻለው" ትሉኛላችሁ። የአራስ ልጅ የማታ ለቅሶ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበረታል፣ ከሦስትና አራት ወር በኋላ ቅጠል ቢሰጥም ባይሰጥም ይተዋል። ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስዳል። ይልቅ ትከሻ ላይ አድርጎ ማስገሳት፣ ሆዱን በክንድ ላይ አስተኝቶ መዞር፣ አለዚያም አያት እናትየዋን ለሁለት ሰዓት ተክታ ማስተኛት ብዙ ይረዳል።

ከመመረዙ ይልቅ በሥራ ዘመኔ ያስለቀሰኝ ግን መዘግየቱ ነው። ልጁ ትኩሳት ይይዘዋል፣ "ምች ነው" ይባላል፤ ዳማከሴ ይታሻል፣ ጤና አዳም ይጨመቃል፣ አንድ ሌሊት ይታደራል፣ ሁለተኛው ይደገማል። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን መጥባት ከተወ፣ ከደከመና ለመንቃት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ሙቀቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ሌሊትም ቢሆን። ቅጠል እስኪቆረጥ አይጠበቅም።

ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳምን ብትተወው ነው የምለው፤ ቡናዋ ውስጥም ቢሆን። ቅጠሉ ማኅፀንን የመቀስቀስ ጠባይ አለው ተብሎ ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር ይታወቃል፤ ለዚህም ነው ጽንስ ለማስወረድ አፍልተው የሚጠጡት ያሉት። በደቡብ አሜሪካ፣ ለምሳሌ በኡራጓይ፣ የጤና አዳምን ዝርያ ለዚህ ብለው ጠጥተው የተመረዙ ሴቶች ተመዝግበዋል። ማስታወክ፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ የጉበትና የኩላሊት መታወክ ይከተላል። ሴት ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ይህን ደፈር ብላችሁ ንገሯቸው። ጭንቅ ያጋጠማት ልጅ ከጓሮ ቅጠል ይልቅ ወደ እናቷና ወደ ጤና ባለሙያ ብትመጣ ሕይወቷ ይተርፋል፤ የምትመጣው ግን የማይጮህባት ሰው ሲኖር ነው።

በዕድሜ ለገፋነውም አንድ ቃል አለኝ። ለደም ግፊት፣ ለልብ፣ ለስኳር እያሉ በየጠዋቱ አፍልቶ መጠጣት በየሰፈሩ እየተለመደ ነው። በታይዋን አንዲት አረጋዊት ለልቤ ይበጀኛል ብለው የአውሮፓውን ዝርያ ለቀናት አፍልተው ጠጥተው የልብ ምታቸው ዝቅ ብሎ፣ ኩላሊታቸውም ታውኮ እንደታከሙ ሐኪሞቻቸው በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። የግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን ክኒን የሚወስድ ሰው ቅጠል የሚጨምር ከሆነ ለሐኪሙ ይንገረው። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብላችሁ አትደብቁ፤ የሚቆጣውም ቢሆን ማወቁ ይሻላል።

ታዲያ ጤና አዳም ጥቅም የለውም? አለው። በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ ሕመምንና እብጠትን የመቀነስ ኃይል ታይቶበታል፤ ለሰው የሚሆነው መጠን ግን ገና አልተለካም። የደም ሥርን ያጠነክራል እየተባለ በክኒን መልክ የሚሸጠው ሩቲን ስሙን ያገኘው ከዚህ ተክል ነው። ያ ኃይለኛ ሽታው ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው አሜሪካ ውስጥ ለትንኝ ማባረሪያነት ከተመዘገበ ንጥረ ነገር ነው፤ እናቶቻችን መስኮት ላይ ያስቀመጡት ያለ ነገር አይደለም። ለጤነኛ ትልቅ ሰው ደግሞ ስኒ ውስጥ ለጋ ቅርንጫፍ ነከር አድርጎ ማውጣት፣ አይብ ላይ በጥቂቱ ከትፎ መነስነስ የምግብ ወግ ነው፤ እኔም ያለ እሱ ቡና አይጣፍጠኝም። የገበያዋ ልጅ እንዳለችው ለቡና ነው ለመድኃኒት ብሎ መለየት ነው።

በረንዳ ላይ መትከል ለምትፈልጉ፣ ጠንከር ካለ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል ሸልቅቃችሁ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ትከሉት። ፀሐይ ይወዳል፣ ብዙ ውሃ ያበሰብሰዋል። ጀሞ ውስጥ ካየኋቸው ተክሎች ብዙዎቹ ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ነበሩ። ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ለሚበላ ነገር ባልዲውን ተዉት፤ የዘይት ጀሪካን ወይም የሸክላ ድስት ይሻላል። ልጅ የሚድህበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ስትቆርጡ ማታ ቁረጡ፣ እጃችሁንም ታጠቡ።